ቫዮሊን እንዚራ የለውም

በገናን በስልክ ማስተማር ይቻላል፤ ያልተቻለው በገናውን መስማት ነው።

ተማሪዬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ አዲስ አበባ። ጀማሪ ቢሆን ባልተቸገርኩ፤ የትኛው ጣት የትኛውን አውታር እንደሚነካ በምስልም ይታያል። እሱ ግን የጣቱን ጨርሷል። የቀረው እንዚራው ነው። በበርኩማውና በአውታሩ መካከል የምትገባው ያቺ ቁራጭ ቆዳ ቅንጣት ያህል ከፍ ዝቅ ባለች ቁጥር አውታሩ ወይ እዝዝ ይላል ወይ ይሞታል። አሥር አውታር፣ አሥር እንዚራ፣ ሁሉም በጆሮ የሚስተካከል።

የምንደዋወልበት መተግበሪያ ደግሞ ያንን እዝዝታ ጫጫታ ነው ብሎ ያጠፋዋል! ለስብሰባ የተሠራ ነገር ስለሆነ የሰው ንግግር ያሳልፋል፤ ሳያቋርጥ የሚያጉረመርመውን ቬንትሌተር ነው ብሎ ይቆርጣል። «ድም» የሚል እሰማለሁ፤ ከዚያ ጭጭ።

በኔ በኩል ግን ቆራሌው ያልፋል። ከአጥሩ ውጭ «ቆራሌው!» ሲል ጥርት ብሎ አትላንቲክን ይሻገራል፤ የሰው ድምፅ ነዋ። ተማሪዬም «የኔታ፣ እስቲ ይቆዩኝ፤ ይጨርስ» ይላል። ናፍቆት ነው፤ ምን አደርጋለሁ? ጠርሙስ አሁንም ይገዛል ወይ? ይገዛል። የተቀደደ ጫማስ? እንደ ጫማው ነው። ጀሪካንስ ስንት ገባ? እኔም የማላውቀውን ዋጋ እያጋነንኩ አስረዳለሁ፤ ለቅኝት የያዝነው ሰዓት በጀሪካን ያልቃል።

የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። በገና ሰምቶ የማያውቅ ሰው የሆነ ቢሮ ቁጭ ብሎ የትኛው ድምፅ፣ የትኛው ጫጫታ እንደሆነ ለዓለም ሁሉ ወሰነ! አያቶቻችን ቆዳ ቆርጠው፣ ሽቅብ ቁልቁል እየገፉ ያመጡትን ድምፅ ማን ጠየቀህና ነው የምታጸዳልኝ? ድምፁን እንዳለ የሚያሳልፍ ማብሪያ አለ አሉ። አለ፤ ግን ከስንት ማውጫ ሥር ቀብረውታል፤ ተማሪዬ ፈልጎ ባበራው ማግስት ማዘመኛ መጥቶ ያጠፋዋል።

ደግሞም ሙዚቃን በቪዲዮ ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። ቫዮሊኒስቱ ፒንካስ ዙከርማን ለማንሃተን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ በቪዲዮ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ቫዮሊን ግን እንዚራ የለውም።

ለጊዜው እንዚራውን ትተን አውታር ላይ ነን። የቤቱ ማሞቂያ አድርቆት ነው መሰለኝ፣ የበግ አንጀቱ ተበጠሰበት። «ናይሎን እሰር» ብለው አኮረፈኝ። እሺ፣ አንጀት ልላክለት፤ ግን ሽሮና በርበሬ እንጂ የበግ አንጀት ሻንጣው ውስጥ የሚከትልኝ መንገደኛ ከየት ይመጣል? ጉምሩክ ላይስ ምን ተብሎ ይነገራል? እህቱ ትሄዳለች ይባላል፤ ለፋሲካ ማግስት ነው አሉ። ያኔ ደግሞ በገናው የሚደረደርበት ጾም አልቋል።