ቡፌ ዳዋሽ ለምን ይቅርበት?

አዋሽ ሰባት ሥልጣኔ ዘግይቶባታል። የፈረንሳዩ የምድር ባቡር ኩባንያ ከጣቢያው አጠገብ ያሠራው ሆቴል፣ ቡፌ ዳዋሽ፣ ይኸው እስከ ዛሬ የማንም ባለ ገንዘብ የግል ሳሎን ሳይሆን ቆሟል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን በሚፈጅበት ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይነዳም ነበርና፣ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድር ነበር። የከፈለ አልጋ ይይዛል፣ በማግስቱም ለተረኛው ይለቃል። እንዴት ያለ ብክነት ነው! ያንን ሁሉ ወጪ ወራጅ ከማስተናገድ፣ በረንዳውን ሸንሽኖ ለጥቂት የተመረጡ ሰዎች በካርታ ማስተላለፍ እየተቻለ።

አርአያም አልጠፋም፤ ሐዲዱን ይዞ ወደ አዲስ አበባ መዝለቅ ብቻ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በተገኙበት የአቡዳቢው ኩባንያ ኢግል ሂልስ የድሮውን የባቡር ጣቢያ ሰፈር፣ ለገሃርን፣ በ50 ቢሊዮን ብር ሊያለማ መነሣቱ ተበሠረ፤ 4,000 ያህል መኖሪያ፣ ሆቴል፣ የገበያ ማዕከል። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የጣቢያ ሕንፃም በቅርስነት ይጠበቃል ተባለ። እሰየው! ባቡሩ ራሱ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀው አዲስ መስመር ጋር ከከተማው ዳር፣ ለቡ ወርዷል። መንገደኛው ሻንጣውን ይዞ ወደዚያው ይሂድ፤ ጣቢያው ደግሞ በመስኮት የሚታይ ጌጥ ይሁን። ጣቢያን ከመንገደኛ ማሳረፍ ከሁሉ የላቀ የቅርስ ጥበቃ ሳይሆን አይቀርም።

«ታዲያ ይፍረስ ልትል ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ከመፍረስ መቆም እንደሚሻል አምናለሁ፤ የአዲስ አበባዋ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. እንዴት እንደፈረሰች ያየ ሰው ለቆመ ግድግዳ ሁሉ ቢያመሰግን አይፈረድበትም። የለገሃር ነዋሪዎችም እዚያው ቤት እንደሚሠራላቸው ቃል መገባቱን አልክድም። ነገር ግን የጣቢያ ታሪክ በድንጋዩ ብቻ አልተጻፈም፤ ማንም ቲኬት ቆርጦ በበሩ መግባቱ ጭምር ነው ታሪክ ያደረገው። ድንጋዩን አስቀርቶ ሰውን ማስወጣት ግማሹን ማፍረስ ነው፣ ያውም በግሬደር የማይነካውን ግማሽ።

«ሀገሩ ቤት ያስፈልገዋል» ለሚለው ደግሞ መልሱ ሰመራ ናት። አሳይታን ተክታ የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ የሆነችው ሰመራ ባዶ ሜዳ ላይ ተቆርቁራ ቢሮም፣ ዩኒቨርሲቲም፣ አውሮፕላን ማረፊያም አቁማለች፤ ለዚህ ሁሉ አንድም የባቡር ጣቢያ ለመኝታ ቤትነት አልተጠየቀችም። ደግሞስ ቤት ያጣው ሰው የቅንጦት አፓርታማ ገዢ ሆኖ ያውቃል? መሬት አልጠፋም። የጠፋው ትናንት የሁሉ የነበረውን ግቢ አጥሮ «ታሪካዊ ድባብ ያለው» እያሉ ከመሸጥ የሚገታ ኀፍረት ነው።

ባለሀብቶች ሆይ፣ ከአዋሽ እስከ ሰመራ ሜዳው ሰፊ ነው፤ የፈለጋችሁትን ያህል ፎቅ ሥሩበት። ቡፌ ዳዋሽን ግን ለመንገደኛ ተዉለት።