አካባቢን የማይበክል ሠርግ ለመደንገግ የወጣ አዋጅ ቁጥር 0.03

ስማ፣ ስማ! የማይሰማ የማርያም ጠላት!

በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ፣ በመርጡለ ማርያም ከተማና በዙሪያዋ፣ ከጥምቀት ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ የሚደገሱ ሠርጎችን አረንጓዴ ማድረግ በማስፈለጉ፤

በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር ያነሰውን ፌስታል ቢከለክልም፣ መለኪያ ይዞ ገበያ የወጣ ሹም ባለመታየቱ፤

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታል ጭራሹን በሕግ በመከልከሉና እኛም ከዘመኑ ወደኋላ መቅረት ስለማንወድ፤

እቴጌ እሌኒ ካሠሩት የመርጡለ ማርያም ጥርብ ድንጋይ እኩል ዕድሜ ያለው ሃይላንድ ለልጅ ልጅ ማውረስ ነውር ሆኖ በመገኘቱ፤

የሠርግ ኮሚቴው የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ
«የአረንጓዴ ሠርግ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2። ዳስ
በባሕር ዛፍ ይጣላል። ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ ማብራሪያ አያሻውም።

አንቀጽ 3። ጉዝጓዝ
ቄጠማ ማጨድ ረግረጉን ስለሚያራቁት ቀርቷል። በምትኩ ከአዲስ አበባ የመጣ የላስቲክ ሣር ይነጠፋል።

አንቀጽ 4። የመጠጫ ዕቃ
1. ሃይላንድ፣ የላስቲክ ኩባያና የሚጣል ሳህን ዳስ አይገባም። ታዳሚ ሁሉ በቀንድ ዋንጫ ይጠጣል።
2. በንዑስ አንቀጽ 1 የተደነገገው ቢኖርም፣ የታሸገ ውሃ ለሚከተሉት ይፈቀዳል፦
ሀ. ለክብር እንግዳ፤
ለ. የክብር እንግዳውን ላጀበ፤
ሐ. የክብር እንግዳው ሲቀር ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ፤
መ. ስለ ላስቲክ ጎጂነት ንግግር ለሚያደርግ፤ ጉሮሮው ይደርቃልና። ንግግሩ ከግማሽ ሰዓት ካለፈ ሁለተኛ ይታከልለታል፤ የመጀመሪያው ካሜራ ውስጥ እንዳይገባ ከጠረጴዛው ሥር ይወሸቃል፤
ሠ. ከአዲስ አበባ ለመጣ ዘመድ፤ ሆዱ አይችልምና። «ከአዲስ አበባ የመጣ» ሲባል ከባሕር ዳር የመጣንም ይጨምራል። ከሞጣና ከቢቸና የመጣን ግን፣ መኪና ከሌለው፣ አይጨምርም፤
ረ. ለሚዜዎች፤ ሱፋቸው ላይ ጠላ እንዳይፈስ።
3. የሚጣል ዕቃ ስለቀረ የሚታጠበው ይበዛል። ስለዚህ አጣቢዎች ከማድ ቤቱ ጀርባ ይመደባሉ። «አጣቢ» ማለት ሴት ማለት ነው። ውሃውን ከምንጭ በጀሪካን አዝለው ያመጣሉ። ውሃ ከአጠገባቸው ስለማይጠፋ የታሸገ አይፈቀድላቸውም።
4. አጣቢዎቹ ከጠረጴዛው ሥር የተወሸቁትን ሃይላንዶች ይለቅማሉ።

ይቺ ንዑስ አንቀጽ እንኳ ፌዝ አይደለችም። የለቀመችው አክስቴ ናት። ጋኑን በግራዋ ፈትጋ፣ በወይራ አጥና፣ ጌሾውን ወቅጣ ያን ሁሉ ሕዝብ ያጠጣች ሴት! እጇ እስኪያብጥ ዋንጫ ስታጥብ አድራ፣ በነጋታው አንዱ ጎረምሳ «አንቺ ሴትዮ፣ ቪዲዮ ልንቀርጽ ነው፤ እዚያ ሥር ያለውን ቶሎ አንሺ!» አላት። አንቺ! የእናቱን ታላቅ! ከኮሚቴው አንድ ሰው እንኳ «ኧረ ነውር ነው» አላለም። እሷ ደግሞ አልተቆጣችም፤ ለቅማ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ልጄ፣ በዋንጫ መጠጣት አረንጓዴ ከተባለ የእኔ ሠርግ ምን ኖሯል?» አለችኝ። እኔ ምን ልበላት? ተናጋሪው ይመልስላት። ሁለት ሃይላንድ ጨርሷል፤ ጉሮሮው ደኅና ነው።

ወደ አዋጁ እንመለስ።

አንቀጽ 5። ችግኝ
ሙሽሮቹ በጥር ይተክላሉ። ዝናቡ በሰኔ ይመጣል።

አንቀጽ 6። የተሻሩ ልማዶች
አክስቴ ስትዳር የነበረው የድግስ ልማድ፣ ኮሚቴም ሆነ ቪዲዮ ቀራጭ ስላልነበረው፣ በዚህ አዋጅ ተሽሯል።

አንቀጽ 7። ቅጣት
ይህን አዋጅ የተላለፈ ማንኛውም ሰው በሚቀጥለው ሠርግ ዋንጫ እንዲያጥብ ይፈረድበታል። ቅጣቱ በአንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 2 ከሀ እስከ ረ የተዘረዘሩትን አይመለከትም።