የጦር ኃይሎች ሰፈር የትንፋሽ አዋጅ

ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ!

ባቡሩ ከአያት መጥቶ በሚቆምበት በጦር ኃይሎች፣ ለቱቦ ተብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ ክረምቱን ሙሉ ውሃ አቁሮ በመክረሙ፤ ነዋሪው አቤት ሲልም ቆፋሪው መሥሪያ ቤት «ደጃፋችሁ ላይ ውሃ የያዘ ጣሳ አስወግዱ» የሚል ወረቀት በየበሩ በመለጠፉ፤ ጥፋቱ የነዋሪው እንደሆነ ስለታመነበት የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ። ከላይ ተጽፏል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ። «ቢምቢ» ማለት ሴቷ ናት። ወንዱ የአበባ ወለላ እየቀመሰ ስለሚኖር አዋጁ አይነካውም።

አንቀጽ 3፦ ክልከላ። ቢምቢ ሰው የሚያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአፏ ግራና ቀኝ ባሉ የስሜት አካላት ከብዙ ሜትር ርቀት ስለምትለይ፣ ማንኛውም ነዋሪ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አየር መሳብ እንጂ ማስወጣት አይችልም።

ሀ) ትንፋሹን የዋጠ ሰው ግን አይዘናጋ። ቀረብ ስትል የገላ ሙቀት፣ እርጥበትና የላብ ሽታ ይመራታል። የእግር ሽታማ ለአንዳንዷ ግብዣ ነው። ስለዚህ እግር ያለው ነዋሪ አስቀድሞ ያስመዘግባል።

ለ) እ.ኤ.አ. በ2000 በጋምቢያ የወጣ ጥናት፣ ነፍሰ ጡሮች ከሌሎች ሴቶች እጥፍ ያህል የወባ ትንኝ እንደሚስቡና ትንፋሻቸውም እንደሚበዛ አሳይቷል። ለሁለት የምትተነፍስ ሁለት ማመልከቻ ታስገባለች።

ሐ) ዶሮ ያለው በነጻ ይተነፍሳል። ቀልድ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2016 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን ተመራማሪዎች በምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ባደረጉት ሙከራ፣ ሰው በተኛበት ቤት የተንጠለጠለች ዶሮ ወደ ወጥመዱ የሚመጣውን የወባ ትንኝ ቀንሳለች። ዶሮዋ ለፋሲካ ከታረደች ፈቃዱ ወጡ እንደቀረበ ይሰረዛል።

መ) ጉድጓዱ ስለማይተነፍስ ክልከላው አይመለከተውም።

ኧረ ድፈኑት! አንድ ገልባጭ አፈር እኮ ነው! ልጆቹ ክንዳቸውን እያከኩ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ስሙ ጦር ኃይሎች፣ ጦሩ ግን የቢምቢ!

«አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ወባ አይደርስም» የሚል መልስ ተሰጥቷል። እስካሁን ብርዱ ጠብቋታል እንበል። ግን ከእስያ የመጣችው የወባ ትንኝ፣ አኖፌለስ ስቴፈንሲ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች፤ በ2022 ድሬዳዋ መሃል ከተማ ላይ ከተነሳው የወባ ወረርሽኝ ጋር ስሟ ተያይዟል። የምትራባው በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያና ግንባታ ባቆረው ውሃ ነው።

አንቀጽ 4፦ ቅጣት። ይኖራል።

አንቀጽ 5፦ የሚጸናበት ጊዜ። ጉድጓዱ እስኪደፈን። ትርፍ አፈር ያለው ወደ ባቡር ጣቢያው ይዞ ይምጣ፤ ማመልከቻ አያስፈልግም።