የወገቤ ካርታ

ቤቷ ሆና ሸሚዝ ቀሚስ ልትሰፋ የተነሳች ሴት ከመቀሷ በፊት ምላሷን ትሳል። ጨርቁ ዝም ብሎ ይቆረጣል፤ ሰው ግን ዝም ብሎ አያይም።

ነገሩ የሚጀመረው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ከኢንተርኔት የሚወርድ የልብስ መቁረጫ ንድፍ (ፓተርን) በኤ4 ልክ ተቆራርጦ ስለሚመጣ፣ ገጹ ከማተሚያው እየተከታተለ ሲወጣ ልጁ አንገቱን ያሰግጋል።

«እህቴ፣ ካርታ እያወጣሽ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ የወገቤን። ወሰኑን ራሴ ስለማውቀው ቀያሽ አልጠራሁም።»

«ከወረቀቱ እንዲገጥም ትንሽ ላሳንሰው?»

«አሳንሰው፤ ከዚያ አንተ ትለብሰዋለህ!»

ይሳቅ እንጂ ነገሩ የቀልድ አይደለም። ፓተርኑ ላይ ለመፈተኛ የተሳለ አራት ማዕዘን አለ፤ 10 ሴንቲሜትር ከተባለ በማስመሪያ ሲለካ 10 መሆን አለበት። ማተሚያው በገዛ ፈቃዱ 5 በመቶ ቢቀንሰው፣ 100 ሴንቲሜትር የነበረው ደረት 95 ሆኖ ቁጭ ይላል። ቁልፉ እምቢ ሲል ደግሞ የሚታማው ማተሚያው ሳይሆን የበላነው ሽሮ ነው።

ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ ጨርቁን ዘፍዝፌ አዩኝ።

«ገና ከሱቅ የመጣ ጨርቅ ታጥቢያለሽ? የቸገረሽ ነገር የለም ማለት ነው!»

«ጥጥ ነው እትዬ። አሁን ይሰበሰብ፤ በኋላ እኔ ላይ ሆኖ ከሚሰበሰብ።»

እሳቸው በቀላሉ ለቀቁኝ። በረንዳ ላይ ሲንጀራቸውን የሚረግጡት የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ግን የሚለቁ አይደሉም።

«ልጄ፣ እኛ በዓይናችን ነው የምንቀደው። ወረቀት ዓይን ለሌለው ነው።»

«ጋሼ፣ እኔን ያስቸገረኝ ዓይንዎ መቼ ሆነ? ‹ነገ ነይ›ዎ ነው እንጂ።»

«ነገ ነይ ማለት ተስፋ መስጠት እኮ ነው።»

«ለፋሲካ የሰጡኝን ተስፋ ለእንቁጣጣሽ ለበስኩት!»

«ቢሆንም የፈረንጅ ወረቀት አምነሽ...»

«የሚረግጡት ሲንጀር የማን ሀገር ነው? እ.ኤ.አ. በ1851 የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው አሜሪካ ነው፤ ሲረግጡት ፈረንጅነቱ ትዝ ብሎዎት ያውቃል?»

ወረቀቱም ቢሆን ከእሳቸው ወገን የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 በየልኩ የተዘጋጀ የወረቀት ፓተርን ለገበያ ያወጣው ኤቤኔዘር በተሪክ የማሳቹሴትስ ልብስ ሰፊ ነበር። የሙያውን ምስጢር አጣጥፎ ለባለ ቤቶች የሸጠው ሰፊ ሆኖ ሳለ፣ ገዢዋ ምን አጠፋች? ጋሼ ይህን ሲሰሙ ክራቸውን በጥርሳቸው በጠስ አደረጉና «በይ እሺ፤ ኮሌታው ላይ እንገናኛለን» አሉኝ።

እዚህ ላይ ሰውዬው ልክ ናቸው። የሸሚዝ ቀሚስ ፈተናው ኮሌታ ነው። ከሩቅ አንድ ይምሰል እንጂ ሁለት ነው፤ አንገት ዙሪያ የሚቆመው ለብቻው፣ ላዩ ላይ የሚታጠፈው ለብቻው። ውስጡ በካውያ የሚጣበቅ ማደንደኛ ጨርቅ ይገባበታል። የሚታጠፈው ከሚሠራባቸው ሁለት ድርብ ጨርቆች ደግሞ የላይኛው በ2 ወይም በ3 ሚሊሜትር ሰፋ ማለት አለበት፤ እኩል ከሆኑ ጫፉ ወደ ላይ ይቆለመምና ባለቤቷ ቀኑን ሙሉ አንገቷን ስታሻሽ ትውላለች። እያንዳንዱ ስፌት እንደተሰፋ መተኮስ አለበት፤ ካውያ የማትወድ ሴት ሻርፕ ትስፋ።

«መብራት ሲጠፋስ?» አሉኝ ጋሼ፣ የከሰል ካውያቸውን በዓይናቸው እየጠቆሙ።

ይቺን ተውኩላቸው።

ቡቲክ ያለችው ልጅ ናት የምታሳዝነኝ። «ከዚህ ሁሉ ልፋት ገዝተሽ ብትገላገይ አይረክስም?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ቤት መስፋት ይረክሳል የሚል ሰው ጨርቅ ገዝቶ አያውቅም። ከጉልበት በታች ለሚወርድ ባለ እጅጌ ቀሚስ እንደ ጨርቁ ስፋት ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ይሄዳል፤ ቁልፉ፣ ክሩ፣ ማደንደኛው ገና አልተቆጠረም።

«እና ለምን ትለፊያለሽ?»

«ባለፈው ያስለካሽኝን ቀሚስ ምን ብለሽ ነበር?»

«ትንሽ ስትከሺ ልክሽ ነው።»

«እኔ የምሰፋው ቀሚስ እንደዚያ አይለኝም።»

ደግሞም ፓተርኑ ላይ የሰውነት ልክና ተሰፍቶ ያለቀው ልብስ ልክ ለየብቻ ተጽፏል፤ የሁለቱ ልዩነት የምንተነፍስባት ናት። ቡቲኳ ይቺን ልዩነት «ይለጠጣል» በምትል አንዲት ቃል ነው የምትሸጥልን። ከዚያ ደረት ላይ በሁለት ቁልፍ መሃል አፉን የሚከፍት ሸሚዝ ለብሰን በመርፌ ቁልፍ እናፍነዋለን። ቤቷ የምትሰፋ ሴት መጀመሪያ አንዱን ቁልፍ ደረቷ ሰፋ ካለበት ቦታ ላይ ታስቀምጥና ሌሎቹን ከእሱ ወደ ላይና ወደ ታች እኩል ታከፋፍላለች። ነገሩ ይኸው ነው፤ ተዓምር የለውም።

ኪሱን ስሰፋ ባለቤቴ ራሴ ላይ ቆመ። ወንድ ልጅ ስለ ኮሌታ ደንታ የለውም፤ ኪስ ሲባል ግን እንደ ተነካ ሰው ይነሳል።

«ቀሚስ ደግሞ ኪስ ምን ያደርግለታል? ቦርሳ አለሽ አይደል?»

«ሱሪህ ስንት ኪስ አለው?»

«አራት።»

«ሸሚዝህስ?»

«አንድ። ምነው?»

«አምስቱ ውስጥ ስንት ብር አለ?»

«... ደሞዝ እኮ ገና ነው።»

«እኔ ሁለት ይበቃኛል፤ የምከተው አለኝ።»