ሳይሟገቱ መርታት

የባንክ ጠበቃ ሊመሰገን ይገባዋል። ሌላው ጠበቃ ማስረጃ ሲያሰባስብና ምስክር ሲያፈላልግ ይከርማል፤ እሱ ግን በአንድ ገጽ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ሙግቱን ሳይጀመር ይጨርሰዋል። ተበዳሪ የመያዣው ሐራጅ እንዲታገድለት ሲከስ «ፍርድ ቤቱ ሐራጁን የማገድ ሥልጣን የለውም፤ ከሳሽም የክስ ምክንያት የለውም» ይላል፤ መዝገቡ ይዘጋል። ሕጉም አላሳፈረውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አበዳሪ መያዣውን በገዛ እጁ እንዳይሸጥ ይከለክል ነበር። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮችን ከዚህ ክልከላ ነፃ አወጣቸውና ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው እንዲሸጡ ፈቀደ። አዋጅ ቁጥር 216/1992 ደግሞ በሁለተኛው ሐራጅ ገዢ ከታጣ ባንኩ ራሱ በመጀመሪያው ሐራጅ መነሻ ዋጋ ይረከበው አለ። ባንኩ አበዳሪም፣ አጫራችም፣ ሲቀናው ባለቤትም ከሆነ ለዳኛ የሚተርፍ ምን ሥራ አለ?

አንድ የመካነ ሰላም ነጋዴ ቤቱን አስይዞ ተበደረ እንበል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ በአቀስታ በኩል ደሴ ወርዶ ዕቃ መጫን የዕድል ጉዳይ ሆነ። ዕዳው ዕዳ ነው፤ መክፈል አለበት። ግን ማስጠንቀቂያውን ማን ተቀበለ? በማን ፊርማ? ከፍሎት የነበረው ተቀንሶለታል? የቤቱ ግምት በየትኛው ዓመት የቆርቆሮና የሲሚንቶ ዋጋ የተሠራ ነው? እነዚህ ሁሉ ሰነድ ገልጦ ማየት የሚጠይቁ ናቸው። መቃወሚያው የተወደደው ደግሞ ሰነዱ ሳይገለጥ ስለሚያስረታ ነው። 30ው ቀን መቆጠሩን ለማረጋገጥ መቁጠር አያስፈልግም፤ ጠበቃው ቆጥሮታል።

ባንክ የሚያበድረው የአስቀማጩን ገንዘብ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። እግድ አውጥቶ በሰው ገንዘብ በተሠራ ቤት ዓመታት ኪራይ የሚበላ ተበዳሪም ሞልቷል፤ እሱም ቢሆን ሳይሟገት መርታትን ያውቅበታል። ይሁንና ቀልደኛውን ከእውነተኛው ለመለየት ዓመታት አይፈጅም። ዳኛው በመቃወሚያው ላይ ብይን ከመስጠቱ በፊት ባንኩን ሁለት ወረቀት ቢጠይቀው ይበቃል፤ የማስጠንቀቂያውን መድረሻ ፊርማና የሂሳብ መግለጫውን። «ባንኩ ሥርዓቱን ጥሶ ከጎዳው አዋጁ ካሳ ይፈቅድለታል» ለሚሉትም መልስ አለኝ፤ እጅግ የታሰበበት ነገር ነው። መጀመሪያ ቤቱ ይሸጥ፣ ቤተሰቡ ይውጣ፤ ከዚያ ሰውዬው በሌለው ገንዘብ ጠበቃ ይግዛና ቤት ሊያድንለት ይችል የነበረውን ጥያቄ ያን ጊዜ ይጠይቅ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 244 መቃወሚያን የደነገገው በይርጋ የታገደውን፣ ቀድሞ የተፈረደበትን፣ ያለ ቦታው የመጣውን ክስ ከደጅ ለመመለስ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ የመጣውም ይመለስበታል።

የሐራጅ ማስታወቂያ ያየ ሰው ሠንጠረዡን ያውቀዋል፤ የተበዳሪው ስም፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታ ስፋት፣ መነሻ ዋጋ። ከሥሩ ተጫራቾች የመነሻውን 25 በመቶ በሲፒኦ እንዲያስይዙ ይነገራል። መጨረሻ ላይ ባንኩ ጨረታውን በከፊልም ሆነ በሙሉ የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ መሆኑ ይጻፋል። ተበዳሪውም በብድር ውሉ ግርጌ እንዲህ ያለች አንድ መስመር ቢያስገባ፣ ጠበቃው ምን ዓይነት መቃወሚያ እንደሚጽፍባት ለማየት እጓጓለሁ።