ባዶ ራሱን የሚዞር ሌንስ

ዘንድሮ ሰርግ ቤት የማየው ጉድ ነው! ፎቶ አንሺ ነኝ ባዩ ሁሉ የአባቱን፣ አለዚያም የአያቱን የፊልም ዘመን ሌንስ ከሣጥን አውጥቶ፣ በአዳፕተር ከዲጂታል ካሜራው ጋር አጋብቶ ይመጣል። ሌንሱ በዕድሜ ሙሽራዋን ይበልጣታል፤ የሙሽራዋን እናትም ሳይበልጥ አይቀርም። ኮፍያ ግን የለውም። ፊልተር የለውም። ክዳኑስ የት ገባ ብትሉት ትከሻውን ይነቀንቃል። ፎም የሚረጭ አለ፣ አበባ የሚበትን አለ፣ ሻምፓኝ የሚያፈነዳ አለ፤ እሱ ራቁቱን የቀረ መስተዋት ደግኖ መሀላቸው ይገባል።

የእህቴ ልጅ ከነዚሁ አንዱ ነው። የያዘው ሄሊዮስ 44-2 ነው፣ ባለ 58 ሚሊሜትሩ፤ በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ለትምህርት የሄዱ ልጆች ከዜኒት ካሜራ ጋር አንግተውት የሚመለሱት። ያኔ ዜኒት ያነገተ ሰው ሮሊፍሌክስ በያዘ ሰው ፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው። ንድፉ ከጀርመኑ የዛይስ ባዮታር ሌንስ የተወሰደ መሆኑን እያወቅንም ንቀነው ኖርን። ዛሬ ከሰው ኋላ ያለውን አዙሪት ያስመስላል ተብሎ ተወደደ። ይወደድ! ግን የተወደደ ዕቃ እንዲህ ነው የሚያዘው?

«ልጄ፣ ኮፍያ አድርግለት» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ፍሌሩን እኮ ነው የምንፈልገው!»

ሰማችሁ? እኛ ዕድሜ ልካችንን ስናባርረው የኖርነውን ብርሃን እነሱ ገንዘብ ከፍለው ይጋብዙታል። ያልተቀባ መስተዋት በእያንዳንዱ ገጹ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ይተፋል፤ ሌንሱ ውስጥ የሚንከራተተው እሱ ነው ፍሌር የሚሆነው። የዛይሱ አሌክሳንደር ስማኩላ እ.ኤ.አ. በ1935 ይህን የሚቀንስ ሽፋን ፈልስፎ ዓለምን ገላገለ፤ የሄሊዮሱ ሽፋን ግን ነጠላ ነው፣ እንዳሁኖቹ በላይ በላዩ አልተደረበበትም። ፀሐይ ከጎን ስትመታው የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ሙሽራው ግራጫ አልተከራየም! ኮፍያው ይህን ብርሃን ይከላል፤ ካሜራው ከእጅ ቢያመልጥም ቀድሞ መሬት የሚነካው እሱ ነው። ዝም ብሎ የ49 ሚሊሜትር ቀለበት ነው እኮ፣ ባትሪ አይበላ፣ ቻርጅ አይፈልግ።

አንዱማ ምክሬን ሰምቶ ኮፍያ ገዛ። የ135 ሚሊሜትር ሌንስ ረጅም ኮፍያ አምጥቶ 28 ሚሊሜትር ላይ ሰካው። የፎቶው አራቱም ማዕዘን ጠቆረ። ምነው ስለው «ቪንቴጅ ነው» አለኝ። ምን እላለሁ? ሻዬን ጠጣሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የቲሸርቱ ነገር ነው። ፎቶ አንሺው እፍ ይልና በቲሸርቱ ጫፍ ሌንሱን እንደ መነጽር ይወለውለዋል። ያ ሽፋን ከፀጉር በመቶዎች እጥፍ የቀጠነ ነው፤ የጥንቱ ደግሞ ለስላሳ ነው። አቧራችን አሸዋ አለበት። ሁለት ክረምትና በጋ እንዲህ ቢወለወል የሚቀረው መስተዋት ሳይሆን ብራና ነው። ፊልተር ላይ ይወልውል፤ ቢጫር ሌላ ይገዛል።

ፊልተርን ስጠራ ግን ያንን ሌንሱ ላይ ዘላለም ተተክሎ የሚቀረውን ማለቴ አይደለም። የዩቪ ፊልተር በፊልም ጊዜ ሥራ ነበረው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ከእንጦጦ ሆነህ ቁልቁል ስታነሳት ጭጋጉ ሰማያዊ ሆኖ ፊልሙ ላይ ይቀመጣል፣ ፊልተሩ ያቀለው ነበር። ዲጂታሉ ለዚህ የራሱ መከላከያ አለው። ስለዚህ ጥበቃ ካልሆነ በቀር ሌላ ሁለት የሚያንጸባርቅ ገጽ መጨመር ነው፤ የደመራን እሳት በርካሽ ፊልተር ያነሳ ሰው ሰማዩ ላይ ሌላ ትንሽ ደመራ ያገኛል። ማታ አውልቀው! ጥምቀት ላይ ግን፣ ጃንሜዳ ጸበሉ በጎማ ሲረጭ፣ አድርገው። ጸበል ነፍስ ያድሳል እንጂ ሌንስ አያድስም። ውስጡ የገባው እርጥበት በቆዳ ሣጥን ተዘግቶ ሲከርም ሻጋታ ይሆናል፤ ሻጋታው ሽፋኑን በልቶ መስተዋቱንም ይነካል።

ፊልተሩ እንዳይጣበቅ አልፎ አልፎ ፍቱት። ከተጣበቀ ላስቲክ ጠምጥማችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ፒንሳ? ፒንሳ ይዞ የመጣብኝን ልጅ ከበር መልሼዋለሁ።

እንግዲህ የ49 ሚሊሜትር ኮፍያ በመሳቢያው ያለው አንባቢ ካለ፣ ላስቲክም ይሁን ብረት፣ ለእህቴ ልጅ እወስድለታለሁ። ብቻ ቶሎ በሉ፤ ፋሲካ ሲያልፍ ሰርጉ ይጀመራል።