ከደሙ ንጹሕ የሆነ ውል

በዘመናችን ከተነሡት የጥበብ ዓይነቶች ሁሉ ለሰው ልጅ ዕረፍተ ኅሊናን በመስጠት ረገድ የሕንፃ ሥራ ውል የሚያረቁ ሊቃውንት ያስገኙትን የሚያህል መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ የቀደሙት አባቶቻችን ድልድዩ ይፈርሳል ብለው ሲሠጉ መሠረቱን እያጠለቁ፣ ቤቱ ያዘነብላል ብለው ሲፈሩም ግንቡን እያወፈሩ ሲደክሙ ኖረዋል፤ የዛሬዎቹ ግን አንድ አካፋ አፈር ሳያስነሡ፣ በአንዲት ንዑስ አንቀጽ ብቻ አደጋውን ከአንዱ ትከሻ አንሥተው በሌላው ላይ ማኖር ችለዋልና። ይህንንም ጥበብ «የሕግ ሥጋት አስተዳደር» ይሉታል፤ እኔም ስሙን በሚገባው አክብሮት ተቀብዬ፣ ለከተማችን ለድሬዳዋ ያስገኘላትን በረከት በትሕትና እዘረዝራለሁ።

ሥርዓቱ ተራ በተራ የሚፈጸም ነው። አሠሪው መሥሪያ ቤት ለሌላ አገርና ለሌላ አፈር የተጻፈውን የጨረታ ሰነድ የፕሮጀክቱን ስም ብቻ ለውጦ ያወጣል፤ በሰነዱም ስለ መሬቱ ጠባይ የሰጠው መረጃ ሁሉ «ለግንዛቤ ያህል» እንደ ሆነ፣ ስለ እውነትነቱም እንደማይጠየቅ፣ ተጫራቹ ሥፍራውን ጎብኝቶ ያየውን ብቻ ሳይሆን ያላየውንም እንዳየ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። ዋናው ተቋራጭ በተሰጡት ጥቂት ሳምንታት ጉድጓድ አስቆፍሮ አፈር ማስመርመር እንደማይችል እያወቀ ይፈርማል፤ ፈርሞም አይተክዝም፤ ያንኑ አንቀጽ «አሠሪ» የሚለውን «ዋና ተቋራጭ»፣ «ተቋራጭ» የሚለውን ደግሞ «ንዑስ ተቋራጭ» አድርጎ ለሰብ ኮንትራክተሩ ያወርሰዋልና። ሰብ ኮንትራክተሩም በፈንታው መሠረት ለሚቆፍርለት ጎልማሳ አንዲት ገጽ ያቀርብለታል፤ ገጿ «በሥራው ላይ ለሚደርስብኝ ማናቸውም አደጋ ራሴ ኃላፊ ነኝ» ትላለች፤ ጎልማሳውም ፊደል ያልቆጠረ ስለ ሆነ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ያትምባታል። እነሆ፣ ከላይ ከቢሮ የተነሣው ሥጋት በሁለት ፊርማና በአንድ የጣት አሻራ እየተንከባለለ ወርዶ፣ ሦስት ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ አፈር በሚያወጣው ሰው ራስ ላይ ዐረፈ፤ ከእርሱ በታች ውል የሚፈርም ስለሌለም ሥርዓቱ በዚያ ተፈጸመ። ጲላጦስ ከደሙ ንጹሕ ለመሆን ውኃ ማስቀዳት ነበረበት፤ ለእኛዎቹ ማኅተም ይበቃቸዋል፤ ውኃ በሚወደድባት በድሬዳዋም ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ቁጠባ አይደለም።

አንድ ክፉ መካሪ ተነሥቶ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪውን ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል ቢል፣ መልሱ የተዘጋጀ ነው፤ ጎልማሳው ሠራተኛ ሳይሆን በቁርጥ ዋጋ የተዋዋለ «ንዑስ ተቋራጭ» ነው ይሉታል። ስለዚህም አንድ አካፋና አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ ያለው ሰው በአንዲት ሌሊት የድርጅት ባለቤት ሆኖ ያድራል፤ እንዲህ ያለ ፈጣን ዕድገት በየትኛው አገር እንደ ታየ ሊቃነ ኢኮኖሚ ይንገሩን።

ወደ ወንዛችን ወደ ደቻቱ እንለፍ። ከዚራን ከመጋላ የሚለየው ይህ ወንዝ ዓመቱን በሙሉ ለማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይተኛል፤ በሐረርጌ ደጋ ላይ ዝናም ሲጥል ግን ድሬዳዋ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ እንኳ ሙሉ ጎርፍ ይዞ ይደርሳል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት በዚህ ዓይነት መጥቶ ከ250 የሚበልጡ ነፍሳት ጠፍተዋል፤ ይህን ያየ ሰው ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር ሲሠራ ጎርፍ ይመጣል ብዬ አላሰብሁም ለማለት አፉ የሚታዘዝለት አይመስልም። የሊቃውንቱ አፍ ግን ይታዘዛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1793 ጎርፍን ከዐቅም በላይ ሊሆኑ ከሚችሉ ምክንያቶች ጋር ጠቅሶታል፤ እነርሱም ይህችን አንዲት ቃል እንደ ክታብ በአንገታቸው አስረው፣ ባለዕዳው በተለመደው ሁኔታ አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለው መሆን አለበት የሚለውን የአንቀጽ 1792ን ቃል በጸጥታ ያልፉታል። ስለዚህ በየክረምቱ የሚመጣው እንግዳ በየክረምቱ ያልተጠበቀ ተብሎ በክብር ይመዘገባል።

የጥበቡ ሁለተኛ ዐምድ ደብዳቤ ነው። ፎርማኑ በአንድ ኮለን ላይ የሳንቲም ጠርዝ የምታህል ስንጥቅ ያያል፤ ኮለኑ ግን ከመመርመሩ በፊት መጻጻፊያ ይሆናል። ተቋራጩ ስንጥቁ የመጣው ከዲዛይኑ መሆኑን ለአማካሪው ያስታውቃል፤ አማካሪው መሐንዲስ «በቁጥር እገሌ በቀን እገሌ የጻፋችሁትን ይመለከታል» ብሎ ጉድለቱ የአሠራር መሆኑን ይመልሳል፤ አሠሪው ሁለቱም ውሉን በጥንቃቄ እንዲያነቡ በጥብቅ ያሳስባል፤ ከእያንዳንዱም ግርጌ ግልባጭ ለዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ግልባጭ ለሕግ ክፍል፣ ግልባጭ ለፋይናንስ፣ ግልባጭ ለኦዲት የሚል ረጅም ጭራ ይከተላል። ስንጥቁ ግን ግልባጭ ስላልደረሰው መስፋቱን ይቀጥላል።

ስለ ዋጋም አንድ ቃል ልጨምር። የዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1794 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናር ከዐቅም በላይ የሆነ ምክንያት እንዳልሆነ ይናገራል፤ ስለዚህ በአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በተተከለባት በዚህች ከተማ ሲሚንቶ ሲጠፋና ዋጋው ሲሰቀል፣ የዋጋ ማካካሻውን አንቀጽ ከውሉ ያስፋቀ አሠሪ በድል አድራጊነት ይስቃል። ሥጋት በነጻ የማይሸከሙት ዕቃ በመሆኑ ሐቀኛው ተጫራች የሸክሙን ኪራይ በዋጋው ላይ ደምሮ ይጫረታል፤ ስለ ሐቀኝነቱም በጨረታው ይወድቃል። ያልደመረው ደግሞ በዝቅተኛ ዋጋ አሸንፎ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ቅድሚያ ክፍያ ይቀበላል፤ መሠረቱን አውጥቶ ፌሮውን ወደ ሰማይ አቁሞ ሲያበቃም ሥራውን ትቶ ሌላ ጨረታ ፍለጋ ይሄዳል። ለመዘግየቱ በየቀኑ ከሺህ አንድ የሚቆጠርበት መቀጫም ከውሉ ዋጋ አሥር በመቶ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ መዘግየት በነጻ ነው።

ታሪክ ግን ለእነዚህ ሊቃውንት የማትመች ምስክር ናት፤ ይልቁንም ድሬዳዋ ራሷ ትመሰክርባቸዋለች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡሩን ሥራ ለ99 ዓመት ሲፈቅዱ፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ በጽሑፍ ሰፍሮ የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ዐርፎበት ነበር። ተራራው ግን የንጉሥ ማኅተም አይቶ ዝቅ አላለም፤ ፈቃዱን ይዞ ሥራውን የጀመረው ኩባንያም የአቀበቱን ወጪ ፈርቶ ሐዲዱን ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ መራው፤ በ1895 ከዚህ ሲደርስም ገንዘቡ አለቀበት፤ ከተማችንም ከዚህ የተነሣ ተቆረቆረች፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ሌላ ኩባንያ ተተክቶ በ1909 ነው። ያንኑ አሮጌ ሐዲድ ለማደስ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ኮንስታ ከተባለው የኢጣሊያ ኩባንያ ጋር የተደረገው ውልም ከፍጻሜ ሳይደርስ ተቋርጦ በግልግል ዳኞች እጅ ወደቀ፤ ዳኞቹ በ2008 ለኩባንያው 20 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ፈረዱለት፤ የፌዴራሉ ሰበር ሰሚ ችሎት በ2010 ፍርዱን ሻረው፤ በመካከሉም አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ተመርቆ በሌላ ሐዲድ አለፈ። ሁሉም ነገር በሕግ አግባብ ተከናውኗል፤ ጎደለ ቢባል ተሟልቶ የታደሰ ሐዲድ ብቻ ነው።

በመካከላችን አንዳንድ መናፍቃን እንዳሉ አልሰውርም። እነዚህ አደጋ መሰጠት ያለበት ሊከላከለው ለሚችለው ነው ብለው ያስተምራሉ፤ ለትምህርታቸውም ፊዲክ የተባለው ዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ማኅበር ያወጣውን ቀዩን የውል መጽሐፍ ይጠቅሳሉ፤ መጽሐፉ ልምድ ያለው ተቋራጭ አስቀድሞ ሊገምተው የማይችለው የመሬት ጠባይ የሚያስከትለውን ወጪ ቦታውን በመረጠው አሠሪ ላይ ያኖራልና። ደግነቱ የእኛ ሊቃውንት ያን አንቀጽ «በልዩ ሁኔታዎች» ገጽ ላይ በአንድ ብዕር ይሰርዙታል። የሚያሳፍረው ግን ያው ኑፋቄ በገዛ ሕጋችን ውስጥ መገኘቱ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ተቋራጩ ለሥራው ጽናት 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን፣ በአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን ሥራው ካረፈበት አፈር ጠባይ ለሚመጣው ጥፋትም እንዲጠየቅ ያዛል፤ ዘመኑን የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር ስምምነትም ፈራሽ ነው ይላል። ሕግ አውጪው ግንበኛው ከመገንባቱ በፊት አፈሩን እንዲያውቅ የፈለገ ይመስላል፤ የአፈር ምርመራ ዋጋም በውሉ ላይ ከፈሰሰው የጠበቃ አበልና የፎቶ ኮፒ ወጪ ጋር ቢተያይ እምብዛም ባልከበደ ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ስሌት ማኅተም ስለማይመታበት የሚያስበው የለም።

እንግዲህ ሥጋትን እስከ መጨረሻው የማስተላለፉ ጥበብ ፍጹም እንዲሆን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ይኸውም ደቻቱ ራሱ ተዋዋይ ወገን ይሁን። የውሉ ረቂቅ በዳርቻው ይነበብለት፤ ዝም ካለ እንደ ተስማማ ይቆጠር፤ በክረምት ውሉን ጥሶ በመጣ ጊዜም መጥሪያ በድልድዩ ላይ ይለጠፍበት፤ ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ይታይና ካሣ ይፈረድበት። በአፈጻጸም ጊዜ ንብረቱ ይከበር ቢባል ግን ያለው አሸዋ ብቻ ነው፤ እርሱም ሳይታጠብና ሳይመረመር ቀድሞ በከሳሹ ሕንፃ ኮንክሪት ውስጥ ገብቷልና፣ ዕዳው እንደ ተከፈለ ይቆጠርለት። መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።